ዓርብ ዓርብ የማቃጥለው ወረቀት

በሽኝቴ ቀን የኮምፒውተር መምህሩ ተነስቶ ንግግር አደረገ። ልጁን እወደዋለሁ፤ አፉ ግን ልጓም የለውም። "እትዬ ሙሉነሽ ጡረታ ሲወጡ ከሁሉ በላይ የሚናፍቀን ዓርብ ዓርብ ከክፍሉ ጀርባ የሚያጨሱት ጭስ ነው" ብሎ አዳራሹን በሳቅ ሞላው። እኔም ከሰው ጋር ሳቅሁ።

እውነቱን ነው። ከሃያ አምስት ዓመት በላይ፣ ዓርብ በመጣ ቁጥር የተማሪዎቼን የልምምድ ወረቀት ሰብስቤ በአሮጌ በርሜል ውስጥ አቃጥል ነበር። ለስኳር መጠቅለያ ቢሸጥ ይሻል ነበር የሚሉኝ ነበሩ። ነካ ያደርጋታል የሚሉም ነበሩ፤ እነሱ ከኋላዬ ነው የሚሉት። ለምን ብሎ የጠየቀኝ ግን አልነበረም፤ ቢጠይቀኝም አልነግረውም ነበር። አሁን የሚያዛውረኝም ደሞዜን የሚቆርጥብኝም ስለሌለ ልናገር።

ከንግግሩ በኋላ ዳይሬክተሩ ስጦታ ብሎ አንድ አሮጌ የጽሕፈት መኪና አሸከመኝ። ከመጋዘን እጃቸው ላይ የገባውን ነው ያነሱት። ጀርባው ላይ በነጭ ቀለም 8 ተጽፎበታል። ሳየው ወንበር ስቤ ተቀመጥኩ፤ ሰው ሁሉ ዕድሜ ነው አለ፤ እኔም ዕድሜ ነው አልኩ።

የተወለድኩት ሳስተምር በኖርኩባት በነቀምቴ ነው። አባቴ ከጉራጌ አገር መጥቶ ገበያው ዳር ጨርቅ የሚነግድ ሰው ነበር። "ኦሮምኛውን ከደንበኛ፣ አማርኛውን ከዳኛ ተማርኩ" ይል ነበር። እኔ ግን ሱቅ እንድቀመጥ አልፈለገምና አዲስ አበባ ልኮ የንግድ ሥራ ትምህርት አስተማረኝ፤ ታይፕ፣ ሾርትሃንድ፣ የንግድ እንግሊዝኛ። መጀመሪያ የተመደብኩት አኖ የምትባል ትንሽ የመንገድ ዳር ከተማ ነው፤ ለሰባተኛ ክፍል እንግሊዝኛ አስተማሪነት። በዚያ ሁለት ዓመት አንድም የጽሕፈት መኪና በዓይኔ አላየሁም። ጣቶቼ ሥራቸውን እንዳይረሱ ተማሪ እየፈተንኩ ጉልበቴ ላይ እጽፍ ነበር። ቀጥዬ ነቀምቴ፣ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ተዛወርኩ። ያኔ ደርግ ከገባ ጥቂት ዓመታት አልፈዋል፤ ሰው ከመናገሩ በፊት ግራ ቀኙን ማየት ለምዷል።

የንግድ ትምህርት ክፍሉ ኃላፊ ጋሽ ኩምሳ ነበሩ። በወጣትነታቸው የፍርድ ቤት ታይፒስት የነበሩ፣ ቀጭን፣ የሸሚዛቸው የላይኛው ቁልፍ ሁልጊዜ የተቆለፈ ሰው። አሥራ ስምንት መኪናዎች ነበሩን። ጋሽ ኩምሳ ጠዋት ከተማሪው ቀድመው ይገቡና በእያንዳንዱ ላይ አንዳንድ መስመር ይጽፋሉ፤ ሰላም ማለት ነው ይሉኛል። ተማሪው ቁልፎቹን እንዳያይ እጁን በጨርቅ ይሸፍኑታል። በእጁ ጀርባ ላይ አሥር ሳንቲም ያስቀምጣሉ፤ ሳንቲሙ ከወደቀ አንጓው ተነቃንቋል ማለት ነው፣ እንደገና ከመጀመሪያ። ከዚያ በማስመሪያ ጠረጴዛ እየመቱ ምት ይሰጣሉ። አሥራ ስምንቱ መኪና በአንድ ምት ሲመታ ቆርቆሮ ላይ የሚወርድ ዝናብ ይመስል ነበር።

ከሁሉ የገረመኝ ዓይናቸው ነው። ስም ያልተጻፈበት ወረቀት አይተው የማን እንደሆነ ይናገራሉ። እኔንም አስተማሩኝ። ሰው ሁሉ በታይፕ የሚጽፈው አንድ ዓይነት ይመስለዋል፤ አይደለም። ጣት እንደ ድምፅ ነው። የአንዱ ሌባ ጣት ወረቀቱን ሊበሳ ይደርሳል፣ የሌላው ትንሽ ጣት ፊደሉን ያደበዝዛል። ለካፒታል፣ ለትልቁ የእንግሊዝኛ ፊደል፣ የሚጫኑትን ቁልፍ ቶሎ የሚለቅ ሰው ደግሞ ካፒታሉ ከመስመሩ ትንሽ ከፍ ብሎ ይቀመጥበታል። ይህ የመጨረሻው ጉድለት የእኔ ነው፤ እስከ ዛሬም አልለቀቀኝም። "ኢንተላ ኮ" ይሉኛል፣ ልጄ ማለታቸው ነው፣ "ካፒታሎችሽ ዛሬም ይዘላሉ፤ ማን አባረራቸው?"

የንግድ እንግሊዝኛውንም እያካፈልን እናስተምር ነበር። የወለጋ ልጆች ለንደን ላለ፣ በሕይወት ይኑር አይኑር ለማናውቀው የቡና ነጋዴ "ዲር ሰር" ብለው ደብዳቤ ይጽፋሉ። አንድ ጊዜ የውይይት ክበቡ ሊቀመንበር ይህ "ሰር" የሚባለው የመሳፍንት ነገር ነው፣ በ"ኮምሬድ" ይተካ አለን። ጋሽ ኩምሳ በትሕትና፣ ሰውየው ጓድ መሆኑን በደብዳቤ እንጠይቀዋለን፣ እስኪመልስልን ግን በሰር እንቆይ አሉ። ሊቀመንበሩ እየቀለዱበት ይሁን አይሁን ሳይገባው ወጣ።

እንግዲህ ዓርብ ዓርብ ወረቀት ማቃጠል የእሳቸው ልማድ ነው። ሳምንቱ ሲያልቅ የልምምዱን ወረቀት ሁሉ ሰብስበው ከክፍሉ ጀርባ በበርሜል ያነዱታል፤ አመዱንም በእንጨት ያማስሉታል። ለምን እንደሆነ ስጠይቃቸው "ተማሪው ከተማረበት በኋላ ስህተቱ ምን ይሠራልናል?" አሉኝ። የሽማግሌ ነገር ነው ብዬ ተውኩት።

ጡረታ ወጡና ኃላፊነቱ ለእኔ ደረሰኝ። የመጀመሪያ ሥራዬ በርሜሉን ማስወገድ ነበር። ለእያንዳንዱ ተማሪ ፋይል ከፈትኩ፤ ስሙን፣ የሚጽፍበትን መኪና ቁጥርና በየሳምንቱ የጻፈውን ወረቀት ከነእርማቱ በቁም ሳጥን ቆለፍኩ። ከአውራጃ የመጣው ተቆጣጣሪ አይቶ አመሰገነኝ፤ በሪፖርቱም ጻፈው። ልቤ እንዳበጠ አልክድም።

በመኪና ቁጥር ስምንት ሁለት ሰዎች ይጽፉ ነበር። ጠዋት ጫልቱ፣ ከሲሬ መጥታ ቤት ተከራይታ የምትማር የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ተማሪ። የግራ እጇን ትንሽ ጣት በልጅነቷ የወፍጮ ቤት በር ቀጥቅጦባት ጠማማ ሆና ቀርታለች። በዚያች ጣት የሚመታው ፊደል የእንግሊዝኛው "ኤ" ነው፤ ስለዚህ የጫልቱ "ኤ" ሁልጊዜ ደብዛዛ ነው። በቀረው ግን እንደ እሷ ያለ እጅ አላስተማርኩም። መምህር አያዳላም የሚል ሰው አስተምሮ አያውቅም፤ እኔ አዳላላት ነበር። ማታ ደግሞ በዚያው ወንበር አብዲሳ ይቀመጣል፤ የቡና መጋዘን ጸሐፊ፣ የሁለት ልጆች አባት፣ ጣቱ እንደ መጥረቢያ የሚከብድ፣ አንዱን ፊደል ወግቶ አንዱን የሚስት፣ ግን አንድም ቀን የማይቀር ሰው።

በዚያ ዓመት የወላጆች ቀን ላይ ትርዒት አሳየሁ። ወላጆች ስም ከሌለባቸው ወረቀቶች ውስጥ የፈለጉትን ያወጣሉ፣ እኔ መድረክ ላይ ቆሜ አንዴ አይቼ የተማሪውን ስም እጠራለሁ። አሥራ ሁለት ወረቀት አውጥተው አሥራ ሁለቱንም አወቅሁ። አዳራሹ አበደ። ሁለተኛው ረድፍ ላይ ከክብር እንግዶቹ መካከል ግራጫ ሳፋሪ የለበሰ ሰው ነበር፤ የደህንነት ሰው መሆኑን ከተማው ሁሉ ያውቃል። እሱም አጨበጨበ። ጋሽ ኩምሳ ከኋላ ቆመው ነበር፤ ሳያጨበጭቡ ወጡ። ቀንተው ነው ብዬ አሰብኩ። እግዚአብሔር ይቅር ይበለኝ።

ሁለት ወር ሳይሞላ አንድ ቀን ጠዋት ዳይሬክተሩ አስጠራኝ። ስገባ እሱ ራሱ ከወንበሩ ተነስቶ መስኮቱ ጋ ቆሟል፤ በወንበሩ ላይ የተቀመጠው ያ ባለ ሳፋሪ ነው። አንድ ወረቀት አቀበለኝ። አኖ ኬላ ላይ ከአንድ አውቶቡስ ተሳፋሪ ቦርሳ የተገኘ ነው አለኝ። በላቲን ፊደል የተጻፈ ኦሮምኛ ነው።

"መዝሙር ነው" አልኩ።

"መዝሙር መሆኑን አንብበውልኛል። የጻፈውን ነው የምጠይቅዎት።"

ያን ጊዜ በከተማው የወንጌላውያን አብያተ ክርስቲያናት ታሽገው ብዙ ሰው በየቤቱ ተሰብስቦ ነበር የሚጸልየው። መዝሙሩም እንዲህ እየተጻፈ ከእጅ ወደ እጅ ይሄዳል። ግን ኦሮምኛን በላቲን ፊደል የሚጽፉት ጫካ የገቡት ናቸው ይባል ስለነበር በዚያ ፊደል የተገኘ ሰው መዝሙር ነው ቢልም አይለቀቅም። ደግሞ ኦሮምኛ "ኤ" የሚበዛበት ቋንቋ ነው፤ በየቃሉ አለች። የመጀመሪያውን መስመር ሳልጨርስ አወቅኩ። ገጹ ሙሉ ደብዛዛ "ኤ" ነበር። ጫልቱ።

በሰውየው እጅ የከተማው የጽሕፈት መኪናዎች ሁሉ የፊደል ናሙና ነበር። "ጂ" የተባለችው ፊደል ጭራዋ የተሰበረው በእናንተ ቁጥር ስምንት ላይ ብቻ ነው አለኝ። የሚጽፉበትም ሁለት ናቸው፤ ማንኛው ነው ብሎ ጠየቀኝ።

"በታይፕ ሰው አይለይም" አልኩት።

ፈገግ አለ። "በወላጆች ቀን አሥራ ሁለት ሰው ለይተዋል፤ እኔም አጨብጭቤልዎታለሁ።" ቀጥሎ አባቴን ጠየቀኝ፤ ሱቁ እንዴት ነው፣ ጤናው እንዴት ነው አለ። የቀበሌዎች ስብሰባ ስላለበት አሁን እንደሚሄድ፣ ስምንት ሰዓት ላይ የሁለቱን ፋይል ይዤ እንድመጣ ነግሮኝ ወጣ።

ስድስት ሰዓት ሲደወል ጋሽ ኩምሳ ቤት ሮጥኩ። በረንዳቸው ላይ ጫማ እየጠገኑ አገኘኋቸው። ሁሉንም ነገርኳቸው። መዶሻውን አስቀምጠው "ያስተማርኩሽ ለጭብጨባ አልነበረም" አሉኝ። ከዚያ ሌላ አልወቀሱኝም። ፍርድ ቤት ሳሉ ሰው ጽፎ በረሳው ወረቀት ሲታሰር ማየታቸውን፣ አንዱን ወረቀትም ከፋይል ፈልገው ያወጡት ራሳቸው መሆናቸውን ያኔ ነው የነገሩኝ። ዓርብ ዓርብ የሚያነዱት ለምን እንደሆነ ሳልጠይቅ ገባኝ።

"ላቃጥለው?" አልኳቸው።

"አሁን ካቃጠልሽ ጭሱ ስም ይጠራል። ኢንተላ ኮ፣ ስሚኝ፤ የሁለቱንም እንደገና ጻፊ። የሁለቱም። አንዱ ካንዱ እንዳይለይ አድርጊ። የአንዱን ብቻ ካጸዳሽ ሌላውን አሳልፈሽ ሰጠሽ ማለት ነው።"

የሁለቱም አሉኝ፤ በግልጽ ነው ያሉኝ። ይህን የምጽፈው ማንም አላስጠነቀቀኝም እንዳልል ነው።

ተመልሼ ክፍሉን ከውስጥ ቆለፍኩ። ከሰባት ሰዓት አሥር ደቂቃ አልፏል። ከሁለቱ ፋይል የጫልቱን አነሳሁ። ለምን የእሷን አስቀደምኩ? ስለምወዳት ነዋ። በቁጥር ስምንት ላይ ተቀምጬ አምስቱን ወረቀቶቿን ከላይ እስከ ታች እንደገና ጻፍኩ፤ "ኤ"ን በሙሉ ጣት እየመታሁ። የሠራቻቸውን ስህተቶች በቦታቸው መሥራት፣ ቀኑን በእጅ ጽሕፈቷ ማስመሰል፣ በቀይ ቀለም እንደገና ማረም ነበረብኝ። በባዶ ክፍል አንድ መኪና ሲመታ ድምፁ ግቢውን ይሞላል። ዘበኛው መስኮቱን አንኳክቶ፣ ባርሲስቱ፣ መምህርት ማለቱ ነው፣ ምሳ የለም እንዴ ዛሬ አለኝ። የፈተና ወረቀት ነው አልኩት። ጥቂት ቆሞ ሄደ፤ እኔም ወደ ቁልፎቹ ተመለስኩ።

አምስተኛውን ከመኪናው ሳወጣ የስምንት ሰዓት ደወል ተደወለ። የአብዲሳ ፋይል እንደተቀመጠ ነው፤ አልነካሁትም። የጫልቱን እውነተኛ ወረቀቶች አጣጥፌ ከሹራቤ ሥር ከተትኩና ሄድኩ።

ሰውየው ወረቀቶቹን ጎን ለጎን ዘረጋ። መዝሙሩን መሀል አስቀመጠ። በዚያች ሰዓት ነው ያየሁት፤ በጫልቱ ወረቀቶች ላይ ካፒታሎቹ ሁሉ ከመስመራቸው ዘለዋል። የራሴ እጅ ከአምስት ወረቀት ላይ አፍጥጦ ያየኛል። ትንፋሼን ስስብ ከሹራቤ ሥር ያሉት ወረቀቶች የሚንኮሻኮሹ መሰለኝና መተንፈስ ፈራሁ። እሱ ግን ካፒታል አላየም። የጫልቱን ገፋ አደረገው፤ ንጹህ ነው፣ አንድ ወጥ ነው አለ። ከዚያ በእርሳሱ የአብዲሳን ወረቀት ነካ። ያ ምስኪን አንዱን ፊደል አድምቆ አንዱን አደብዝዞ የጻፈው ነው። መዝሙሩም ደመቅ ደብዘዝ ያለ ነው። ለማያውቅ ሰው ይመሳሰላሉ።

"ይሄኛው ነው?" አለኝ።

አይደለም ማለት ነበረብኝ። አይደለም ብል ታዲያ ማነው ይለኛል። የምትቀረው ጫልቱ ብቻ ናት።

"አላውቅም" አልኩ።

አሥራ ሁለት ሰው ያወቀች መምህር አላውቅም ስትል ምን ማለት እንደሆነ እሱም ገብቶታል። ወረቀቶቹን ሰብስቦ አመስግኖኝ ወጣ። አብዲሳን በዚያው ከሰዓት ከመጋዘኑ ወሰዱት።

በማግሥቱ ጫልቱ ክፍል ድረስ መጥታ ሄጄ እናገራለሁ አለችኝ። እጇን ይዤ አትሄጂም አልኳት፤ አንቺ ብትሄጂ እሱን ይለቁታል ብለሽ ነው፣ ሁለታችሁንም ነው የሚይዙት አልኳት። እውነት ይሁን ውሸት እስከ ዛሬ አላውቅም። ያን ጊዜ ላድናት ፈልጌ ነው የምለው፤ አንዳንድ ቀን ግን ራሴን ለማዳን ይመስለኛል። እሷ ከተናገረች የእኔም አምስት ወረቀት ይወጣልና። ፈተና ሦስት ሳምንት ሲቀረው ትምህርቷን አቋርጣ ሄደች። ከዓመታት በኋላ አውቶቡስ ሲሬ ሲቆም አንዲት ሱቅ በር ላይ አየኋት። አየችኝ። ፊቷን አዞረች።

እውነተኛዎቹን ወረቀቶች ለጋሽ ኩምሳ ሰጥቻቸው ነበር። የማንን ነው የጻፍሽው አሉኝ። የጫልቱን አልኩ። የሌላውስ አላሉኝም። እሳት አንድደው ወረቀቶቹን ሲጨምሩ ፊቴን አላዩም። በዚያው ዓርብ በርሜሉን ከመጋዘን አስወጣሁና ፋይሎቹን ሁሉ አነደድኩ፤ ከዚያ ወዲያ ያላነደድኩበት ዓርብ የለም።

አብዲሳ ያለ ፍርድ አሥራ አንድ ወር ታስሮ ወጣ። በወጣ በሳምንቱ ማታ ክፍል ገብቶ፣ አካም ጅርቱ ባርሲስቱ፣ እንደምን አሉ መምህርት፣ ብሎኝ፣ ቁጥር ስምንት ላይ ተቀመጠ። ከስቶ ነበር። ልነግረው አፌን ከፈትኩ፤ የወጣው ግን ገጽ አርባ ሁለትን ግለጡ የሚል ነው። ኮርሱን ጨርሶ የምስክር ወረቀቱን ከእኔ እጅ ተቀበለ። ደርግ ወደቀ። ሰው ያሳሰረው ያ የላቲን ፊደል የትምህርት ቤት ፊደል ሆነና የኦሮምኛ ፈተና በዚያችው በቁጥር ስምንት መኪና ተጻፈ። አብዲሳን መንገድ ላይ ባገኘሁት ቁጥር ስለ ልጆቹ ጠይቄው አልፋለሁ። ይህ ሁሉ ዓመት እንዲህ አለፈ።

ከሽኝቱ በኋላ በሳምንቱ አብዲሳ እቤቴ መጣ። ፀጉሩ ነጭ ሆኗል። መኪናዋን ጠረጴዛዬ ላይ ሲያይ ቆመ፤ ዞሮ ጀርባዋ ላይ ያለውን ቁጥር አነበበ። ከዚህ በላይ ልሸከመው አልቻልኩም። ሻዩን እንኳ ሳላቀርብ ሁሉንም ነገርኩት፤ የወላጆች ቀኑን፣ አምስቱን ወረቀት፣ ደወሉን፣ አላውቅም ማለቴን።

እስከ መጨረሻው አዳመጠኝ።

"ባርሲስቱ፣ የጫልቱን ወረቀቶች እኮ አሳይተውኛል" አለኝ።

"የት?"

"እዚያ ውስጥ። አምስቱንም ጠረጴዛ ላይ ዘርግተው፣ ይቺ ልጅ ባንተ መኪና ነው የምትጽፈው፣ ይሄ የራሷ እጅ ነው ወይ አሉኝ። አየሁት። ካፒታሎቹ ይዘላሉ። እርስዎ ማታ ማታ ለናሙና ጽፈው ይለጥፉልን በነበረው ወረቀት ላይ እንደሚዘሉት ነው።" እጁን አሻሸ። "መዝሙሩን የጻፈችው እሷ መሆኗንም አውቃለሁ። አብረን ነበር የምንጸልየው።"

ምን እንዳላቸው ሳልጠይቀው ነገረኝ።

"ሂንቤኩ አልኳቸው። አላውቅም።"

እኔም ያን ቀን የተናገርኩት ይህንኑ ቃል ነው። እኔ ስለው ሰው ታሰረበት፤ እሱ ሲለው ሁለት ሰው ተረፈበት። ፊቴን በነጠላዬ ሸፍኜ አለቀስኩ። ወንበሩን ወደ መኪናዋ ሳብ አደረገና ከጠረጴዛው ወረቀት አንስቶ አስገባ፤ በዚያ እንደ መጥረቢያ በሚከብድ ጣቱ ቀስ እያለ አንድ መስመር ጻፈባት፣ ጋሽ ኩምሳ ጠዋት ጠዋት ሰላም ይሏት እንደነበረው። ቀና ብዬ አየሁ። "ጂ" ዛሬም ጭራ የላትም።